የግራ ድምፅ አውታሬ ሲተኛ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ሕመም አልነበረውም። ንቅሳቴ ተንጋዶ ነበር።

የወልድያ ልጅ ነኝ። በእኛ በኩል ሴት ልጅ አንገቷን የምትነቀሰው ለውበት ብቻ አይደለም፤ እንቅርት እንዳይወጣባትም ነው ይባላል። እኔም ገና ልጅ ሳለሁ ከጉሮሮዬ በታች እንደ ሐብል የሚዞሩ አረንጓዴ መስመሮች ተነቅሻለሁ። ነርስ ሆንኩ፤ የነርሶች አስተማሪ ሆንኩ፤ ከዚያ ከባለቤቴ ከበላይ ጋር መጀመሪያ አቡ ዳቢ፣ ቀጥሎ አል ዐይን ገባን። እሱ የመስኖ ባለሙያ ነው። አገሩን ከለመድኩ በኋላ አንገቴን በሻሽ መሸፈን ጀመርኩ። አፍሬበት አይደለም። ያየው ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲለኝ ስለሰለቸኝ ነው። እኔ ሰውን በጥያቄ ማድረቅ እወዳለሁ፤ ሲያደርቁኝ ግን አልወድም።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አል ዐይን ውስጥ በአንድ የነርሲንግ ተቋም ምክትል ዳይሬክተር ነበርኩ። ዳይሬክተራችን፣ አንዲት ስኮትላንዳዊት፣ በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ጡረታ ወጥታ አገሯ ልትገባ ስለነበር በቦታዋ እንድተካ የእኔን ስም አቅርባ ነበር።

አንድ ቀን የአንገት ምርመራ ሳስተምር ለልምምዱ አንገቷን የምታውስ ተማሪ ጠፋች። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ በሩም ተዘግቷል፤ ግን ዕድሜያቸው የሃፍረት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሻሼን ፈትቼ እኔው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሞዛ የምትባል የዛኸር ሰፈር ልጅ ከኋላዬ ቆማ ጣቶቿን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈች። እንዳስተማርኳት ውሃ አቀበለችኝና "ይዋጡ" አለችኝ። ዋጥኩ። "ሲስተር፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ።" ደገምኩ። ዞራ ፊት ለፊቴ መጣችና ጎንበስ ብላ አየችኝ። "መስመሮቹ በቀኝ በኩል ተጠጋግተዋል፤ በግራ ግን ተራርቀዋል" አለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልጅቱ ጎበዝ ነበረች! ፍርሃቱ የመጣው ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ውሃ እየተጎነጨሁ አንገቴን ሳይ ነው። በዋጥኩ ቁጥር ከጉሮሮዬ በስተግራ የእንቁላል አስኳል የምታህል ነገር ወደ ላይ ትወጣና ትመለሳለች። ደጋግሜ ዋጥኩ። ብፈራም ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ምንድን ናት? ከመቼ ጀምሮ አብራኝ ኖረች? በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ለካ በሷ ነው። የዩኒፎርሜ አንገት አልቆለፍ ሲለኝ ደግሞ "ልብሴን በሙቅ ውሃ አሳጠርከው" እያልኩ ከልብስ አጣቢው ጋር ስጨቃጨቅ ከርሜያለሁ።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኢሳም የሚባል ግብፃዊ ነበር፤ ንግግሩ ቁጥብ፣ እጁ ቀዝቃዛ። አልትራሳውንድ አሳየኝ፤ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። "ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። ክፉ ይሁን ደግ በመርፌ አይለይም። የታይሮይዱን የግራ ክፍል አውጥተን ማየት አለብን።" ከዚያ ንቅሳቴን ትኩር ብሎ አየና "ለምንድን ነው የሚነቀሱት?" አለኝ። እንቅርት እንዳይወጣ መሆኑን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "አልሠራም ማለት ነው። ግን ለእኔ ይጠቅመኛል። በታችኛው መስመር ላይ እቆርጣለሁ፤ ጠባሳው አይታይም።"

አደጋውንም አልደበቀኝም። ከታይሮይዱ ጀርባ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል፤ ሪከረንት ላሪንጂያል ይባላል። ከተነካ ድምፅ ይጎረንናል ወይም ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ይህን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተሰማኝ። ብዙ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ካንሰሩን ይፈራል፤ እኔ የፈራሁት ለድምፄ ነው። ሥራዬ ማለት ድምፄ ነበር። የአገሩን ልጆች ወደ ነርሲንግ ለማምጣት ከሰዓት በኋላ ዛኸር፣ አል ጃሂሊ፣ አል ሂሊ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ እናቶችን የማግባባው እኔ ነበርኩ። የወሎ ዜማ ያለው ዐረብኛዬ ያስቃቸዋል፤ ከሳቁ ደግሞ ያዳምጡኛል። የዳይሬክተርነቱም ነገር የሚወሰነው አቡ ዳቢ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ዕቅዴን በቃሌ ሳስረዳ ነው። ሴቶች ልጆች ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የሚሻገሩበትን መንገድ ለመክፈት ዓመታት የደከምኩበት ዕቅድ ነው። ዲዳ ዳይሬክተር ማን ይሾማል?

ገባሁ። ጭምብሉን አደረጉልኝ። ከዚያ ምንም የለም።

ነቃሁ። አንገቴ ከብዷል። አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ "ስምዎን ይንገሩኝ" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። አየር ወጣ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከርኩ። አየር። ውሃ በማንኪያ ሰጡኝ። ትን አለኝ። ሳልኩ። ሳሉም ድምፅ አልነበረውም። በላይ እጄን ያዘ። ዓይኑን አየሁት። እሱም ገብቶታል።

በማግስቱ ዶክተር ኢሳም ጉሮሮዬን በመስታወት አየ። "ነርቩ አልተቆረጠም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዕጢው ከሥሩ ይዞት ስለነበር ስናወጣው ተወጥሯል። የቀኙ የድምፅ አውታር ይንቀሳቀሳል። የግራው ተኝቷል።" መቼ ይነቃል ብዬ በወረቀት ጻፍኩለት። "ወራት ሊወስድ ይችላል። አላውቅም።" አላውቅም የሚል ሐኪም ስለምወድ አልተቀየምኩትም። ይልቅ ወረቀቱን መልሼ ተቀብዬ "ነርቩን ሳልልኝ" ብዬ ጻፍኩለት። ሳለልኝ። የግራው ነርቭ ከአንጎል ይነሳና ጉሮሮን አልፎ ደረት ውስጥ ይወርዳል፤ እዚያ ትልቁን የደም ሥር ዞሮ እንደገና ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ከዛኸር ተነስቶ አል ጃሂሊ ለመድረስ አቡ ዳቢ ዞሮ የሚመለስ ታክሲ ማለት ነው። ለምን? ማን እንዲህ አደረገው? ይህን እያሰብኩ ግማሽ ቀን ሳላለቅስ ዋልኩ።

የዕጢው ውጤት መጣ። ክፉ አልነበረም። በላይ የዶክተሩን ግንባር ሳመው፤ ዶክተሩ ደነገጠ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ግን ወዲያው "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው የእናቴ ተረት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ እንቅርቱ ቢሄድ ዲዳነቱ መጣ ብዬ አለቀስኩ። ያለ ድምፅ ማልቀስ ምን እንደሚመስል ያልቀመሰው አያውቀውም። ፊት ብቻውን ይሠራል።

ስወጣ የተሰጠኝ ምክር አጭር ነበር። "አይጩሁ። አያንሾካሹኩ፤ ማንሾካሾክ ከመናገር የበለጠ ያደክማል። ጉሮሮዎን አያስጨንቁት።" እኔ ደግሞ ሐኪም አንድ ሲል ሁለት የምፈጽም ሰው ነኝ። ጨርሶ ዝም አልኩ። "እህ" እንኳ አልልም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሜሮን ጠባቂዬ ሆነች፤ ስተነፍስ ከሰማች "ማሚ፣ ዶንት ቶክ!" ትለኛለች። በላይ "ዝም አይነቅዝም፤ ቤታችን እኮ ሰላም ሆነ" እያለ ይቀልዳል፤ እኔ ማንኪያ እወረውርበታለሁ። ከዚያ ማንኪያውን አንስቶ አጥቦ ያመጣልኛል።

ውሃ ትልቁ ጠላቴ ነበር። የተኛው አውታር የመተንፈሻውን በር ስለማይዘጋ ቀጭን ነገር ሁሉ በተሳሳተው መንገድ ይሄዳል። አገጬን ወደ ደረቴ ደፍቼ፣ ፊቴን ወደ ግራ መልሼ ስውጥ ግን ትን አይለኝም። ወፈር ያለ ሾርባ ከውሃ ይሻላል፤ ሙዝ ከብርቱካን ይሻላል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አይደለም ያወቅኩት፤ ሊሊ የምትባል ከሕንዷ ኬረላ የመጣች የንግግር ቴራፒስት አስተምራኛለች። እሷ ግን ልትጎበኘኝ የመጣችው ለአዋዋጡ ብቻ ነበር፤ የድምፁን ልምምድ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንጀምራለን ብላ ለዕረፍት አገሯ ሄደች።

ሥራ ተመለስኩ። ዳይሬክተራችን ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋች። "የኮሚቴውን ቀጠሮ አንድ ጊዜ አስተላልፌልሻለሁ። ሁለተኛ አይቀበሉኝም። እስከዚያ ካልተናገርሽ ቦታውን በማስታወቂያ ያወጡታል" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እንዲያውም ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት ዛኸር ቀጠሮ ነበረኝ። ልሰርዘው ስል ሞዛ "እኔ እናገራለሁ፤ እርስዎ ይቀመጡ" አለችኝ። የምንሄድባት ሴት ጎረቤቷ ናት፤ ልጇ ነርስ መሆን ትፈልጋለች፣ እናትየው እምቢ ብላለች። ተቀመጥን። ሴትየዋ እንደ ሁሉም እናት "ወንድ በሽተኛ እንዴት ትነካለች?" ብላ ጀመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአፏ ቀልቤ የተዘጋጀ መልሴን አወርድባት ነበር። አሁን ምን ልበል? ዝም ብዬ አየኋት። ሞዛም አፍራ ዝም አለች። ሴትየዋ ዝምታው ሲከብዳት ቀጠለች። የዘመድ ወሬ አወራች፤ የልጅቱን ትምህርት አወራች። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ማታ ማን ይመልሳታል? አባቷ ለሥራ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ከሹፌር ጋር ብቻዋን ስትገባ ጎረቤት ካየ ኸላስ፣ ስሟ አለቀ" አለች።

ያን ሁሉ ዓመት መልስ ስሰጥ የኖርኩት ላልተጠየቅኩት ጥያቄ ኖሯል። መኪና ስገባ በጣም ነበር የገረመኝ። በቀጣዮቹ ቀናት ሞዛን ይዤ ሌሎች እምቢ ያሉ ቤቶች ዞርኩ፤ እየተቀመጥኩ ዝም አልኩ። ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚያው የመመለሻ መንገድ ነገር ላይ ደረሱ። ዕቅዴ ላይ አንዲት ሴት ረዳት የምትሳፈርበት አውቶቡስ፣ እያንዳንዷን ልጅ ከደጇ የሚያደርስ፣ ጨመርኩ። ግን ይህን ለኮሚቴው የሚናገር አፍ አልነበረኝም፤ ቀኑም እየቀረበ ነው። ተስፋ ቆረጥኩ። ለሰው አልነገርኩም፤ በምን ልንገር?

አሁን ወደዚያች ዓርብ ልምጣ።

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በላይ ቤት የለም፤ አል ሂሊ ያለው እርሻ የውሃ ተራው ዓርብ ንጋት ላይ ነው ብሎኝ ነበር። ሜሮን እንቅልፏን ሳትጨርስ ሄዳ ከፈተች። የገቡት ሴቶች አምስት ናቸው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ፊታውራሪያቸው ፋጡማ ናት፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ አል ሂሊ ሰው ቤት የምትሠራ፣ ስትስቅ ሦስተኛ ቤት የምትሰማ። ያን ቀን ግን ቃል አልወጣትም። አንድ በአንድ ጉንጬን ሳሙኝ። ዝም። ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረው ተቀመጡ። ዝም። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ፋጡማ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት ይዛለች፤ እግሯ ሥር አስቀመጠችውና አንገቷን ደፋች። በአባያዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ተማሪዎቼን "ምልክቶችን ሰብስቡ፤ ከዚያ ድምዳሜ" እላቸው ነበር። ሰበሰብኩ። ንጋት ነው። ጥቁር ነው። ማንም አይናገርም። ድስቱ እዝን ነው፤ ለሐዘንተኛ የሚወሰድ ምግብ። ባሌ ቤት የለም፤ ፊቴን ማየት አቅቶት ነው። በአገራችን መርዶ የሚረዳው እንዲህ ነው። ወልድያ ያለችው አሮጊት እናቴ ናት። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ድምፄን አልሰማችም። ሳልሰናበታት።

"እማዬ! እማዬን! ወይኔ እናቴን!"

ደረቴን መታሁ። ሴቶቹ ተነሱ። ፋጡማ "ወይኔ እትዬ! መቼ ነው ያረፉት?" ብላ ከእኔ ብሳ ጮኸች። አራቱም ተከተሏት። በእኛ አገር ሰው ሲያለቅስ ምክንያቱ ተጠይቆ አይደለም የሚለቀሰው። እኔ ስለ እነሱ ልቅሶ አለቅሳለሁ፤ እነሱ ስለ እኔ። ሜሮን መሐላችን ቆማ ከአንዱ ወደ አንዱ ስታይ ቆይታ፣ "ማሚ! ዩ ቶክድ!" አለች።

ልቅሶው ቆመ።

"እትዬ፣ ድምፅዎ!" አለች ፋጡማ።

"ማን ነው የሞተው?" አልኩ። የተሰነጠቀ፣ የወፈረ፣ የማላውቀው ድምፅ ነው። ግን ድምፅ ነው።

"እኛ ምን እናውቃለን? እርስዎ አይደሉ የጮኹት!"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው በንጋት ዝም ብላችሁ የመጣችሁት?"

"እንዳናናግርዎ መንገድ ላይ ተማምለን ነው እኮ! ካናገርንዎ መመለስ ያምርዎታል ብለን ነው። ሰዓቱንማ ማዳም ሳትነሳ ነው እንጂ በየት በኩል እንውጣ? ጥቁሩ አባያ ነው፤ ዛሬ ነው ያዩት? ይሄ ደግሞ አጥሚት ነው፤ ለጉሮሮ ይለሰልሳል።" ከዚያ ራሷም ገባትና መሬት ላይ ተቀምጣ እየሳቀች አለቀሰች። "አላህ የባሰ አያምጣ! እኛው በእግራችን መጥተን ልናረዳዎ!"

በላይ ከውሃ ተራው ሲመለስ ስድስት ሴቶች አጥሚት እየጠጡ ሲስቁ አገኘ፤ አንዷ ሚስቱ ናት፣ ትናገራለች። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ጭቃ በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነ። ባለቤቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ወልድያ ጎረቤታችን ወዳለ ሱቅ ስልክ ደወለ፤ እናቴ ደህና ናት፣ ገበያ ሄዳለች አሉት።

ዶክተር ኢሳም በመስታወቱ አየኝና ቀና አለ። "የግራው ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ነው፣ ግን ይንቀሳቀሳል።" ታሪኩን ስነግረው መስታወቱን አስቀመጠ። "ሲስተር፣ ጉሮሮዎን አያስጨንቁት አልኩ እንጂ ዲዳ ይሁኑ ማን አለዎት? ከዚህ ቀደምም ድምፅ ሊወጣዎት ይችል ነበር።" ልቅሶው ነርቬን አልቀሰቀሰውም፤ ነርቩ በራሱ ጊዜ ዳገቱን እየወጣ ነበር፤ እኔ ግን በሩን ዘግቼ ተቀምጬ ስለነበር ሲያንኳኳ አልሰማሁትም። ይህን ያብራራልኝ እሱ ነው። በሳቅ ልፈነዳ ስል ሳል ያዘኝ፤ ሳሉ ድምፅ ነበረው፤ እሱም ሰማው።

ሊሊ ከዕረፍት ተመለሰችና ልምምድ ጀመርን፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ጠዋት ስነሳ የምጠብቀው ነገር አገኘሁ። በለስላሳ መጠጫ ቀሰም ውሃ ውስጥ እየነፋሁ "ኡ" ማለት ነበረብኝ፣ አረፋው ሳይቋረጥ፤ ከዚያ ከንፈሬን ገጥሜ "እምም" እያልኩ ድምፁ ደረቴ ላይ ይሁን አፍንጫዬ ላይ በእጄ መዳበስ፤ ከዚያ አንገቴን ወደ ግራ አዙሬ አጭር ቃል መጥራት፣ የቀኙ አውታር ሄዶ የግራውን እንዲያገኘው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ በአል ጃሂሊ በኩል ወዳለው የተምር ጥላ እገባና በቦዩ ዳር እየሄድኩ "እምም፣ እምም" እላለሁ፤ ተምር የሚቆርጡት ሠራተኞች መጀመሪያ ያበድኩ መስሏቸው መንገድ ይለቁልኝ ነበር፣ በኋላ ግን ሰላምታ በ"እምም" ይመልሱልኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣና በማግስቱ ይጠፋል፤ ሊሊ "ከትናንት ጋር አታወዳድሪው፤ ካለፈው ወር ጋር አወዳድሪው" ትለኝ ነበር፤ እውነትም እንዲያ ሳየው ይጨምራል።

የኮሚቴው ቀን ደረሰና በላይ ራሱ እየነዳ አቡ ዳቢ ወሰደኝ። ድምፄ ዝቅ ያለና ሻካራ ነው፤ ከፍ ማለት አይችልም። ማይክሮፎን ጠየቅኩ። ንግግሬ መሐል ላይ አንድ ቃል አፌ ውስጥ ተቆረጠ። አየር ብቻ ወጣ። አገጬን ደፍቼ አንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩ። ተመለሰ። አንዱ የኮሚቴ አባል "ቤተሰቦችን እንዴት ነው የምታሳምኗቸው?" አለኝ። ስለ ወንድ በሽተኛ መልስ እንደሚጠብቅ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። እኔ ስለ አውቶቡሱ ነገርኩት፤ ማን እንደምትሳፈርበት፣ በየትኛው ሰፈር በኩል እንደሚያልፍ፣ ለምን ከደጅ ማድረስ እንዳለበት። ሰውዬው የሴቶች ልጆች አባት ይመስለኛል፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። ለአንድ ዓመት በጊዜያዊነት ሾሙኝ፣ ከዚያም አጸደቁልኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ተማሪዎቼ በዐረብኛ "ሙዲራ"፣ ዳይሬክተር ማለት ነው፣ ይሉኝ ነበር፤ አዲስ የሚገቡት ደግሞ ወፍራም ድምፄን ሰምተው ቁጡ እመስላቸው ነበር፤ ለሥርዓት ስለጠቀመኝ አላስተባበልኩም።

ይህን የምጽፈው አንገቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ወይም ከቀዶ ጥገና ነቅታ አፏን ስትከፍት አየር ብቻ ለወጣላት ሴት ነው። እህቴ፣ መስታወት ፊት ቆመሽ ውሃ ዋጪ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሽ ሐኪም ይየው፤ አብዛኛው ክፉ አይደለም። ቀዶ ጥገና ካስፈለገሽ ስለ ድምፅ ነርቭ ቀድመሽ ጠይቂ፣ አውታሮችሽንም ከቀዶ ጥገናው በፊት እንዲያዩልሽ ለምኚ። ድምፅ ቢጠፋብሽ አገጭሽን ደፍተሽ ዋጪ፤ አታንሾካሹኪ፤ የንግግር ቴራፒስት እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሐኪሙ ካለሽ በላይ ግን አትታዘዢ፤ እኔን ያየ ይማር። ዶክተር ኢሳምን፣ ሊሊን፣ ሞዛን አመሰግናለሁ። ማንኪያውን አጥቦ ያመጣልኝ የነበረውን ሰው አመሰግናለሁ። ማዳም ሳትነሳ በጨለማ አጥሚት ሠርተው የመጡትን አምስት ሴቶች ምን ብዬ እንደማመሰግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ምክር ይቀረኛል። አገር ቤት ላሉት እውነቱን በጊዜ ንገሪያቸው። እኛ "አታስደንግጧት" ብለን ለእናቴ ቀዶ ጥገናውን አልነገርናትም ነበር። በላይ በደወለ ቁጥር "ዘነበች ሥራ ላይ ናት" ይላታል። ድምፄ ረጅም ወሬ ሲችል ሹመቴን ላበስራት ራሴ ደወልኩ፤ ከቤት ጠርተው ወደ ሱቁ አመጧት።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ዘነበች።"

እናቴ ቀስ ብላ "አንቺ ማነሽ?" አለች።

"ዘነበች ነኝ እማዬ። አሞኝ ድምፄ ተለውጦ ነው።"

"ልጄ ከሞተች ሞተች በሉኝ። እኔ ልቤ ከነገረኝ ቆይቷል። የሰው ሴት በልጄ ስም አታናግሩኝ።"

የአባቴን ስም ጠራሁ፤ የእህቶቼን ስም ጠራሁ። "ይሄንንማ በላይም ያውቀዋል" አለች። ከኋላዋ የጎረቤቶች ልቅሶ ሲጀመር ሰማሁ። ድምፄ ተቆረጠ። የቀረኝ መስማት ብቻ ሆነ፤ ትንፋሿን ሰማሁት፤ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምታለከልኪው? ያን ዳገት በእግርሽ ነው የመጣሽው? የግፊቱን ኪኒን ዛሬ ውጠሻል? ደግሞ በባዶ ሆድሽ ነው የዋጥሽው አይደል? ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ? እግርሽስ አብጧል? ጨው ቀንሺ ያልኩሽን ቀንሰሻል?"

እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ወደ ኋላ ዞራ ስትጮህ ሰማሁ።

"ተዉ አታልቅሱ! እሷው ናት! ድምፁን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም እንጂ ንዝንዙ የልጄ ነው!"